የእናቴ የሰንበቴ ተራ

በእኛ ደብር ሰንበቴ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው የዕለቱ ባለ ተራ ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሕዝቡ በቅጥሩ ውስጥ ባለችው የሣር ቤት ተሰብስቦ፣ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ከቆረሱ በኋላ የሰንበቴው አለቃ ወደ ባለ ተራው ይዞርና «ቃል ካለህ» ይለዋል። ይህን አለቃ ሙሴ ነው የምንለው። ባለ ተራውም በልቡ ያለውን ያነሣል፤ የመስኖ ውኃ ክፍፍል ይሁን፣ የተጣላ ወንድም ይሁን፣ ጎርፍ የወሰደው መሻገሪያ ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚወራው ያ ነገር ነው። ዳቦውን በእጁ የያዘ ሰው የዳቦውን ባለቤት ቃል አይቆርጥበትም፣ ነውር ነው። ከቡሬ ወዲህ፣ በፈጠም ወንዝ ዳር ለምንኖር ሰዎች ከዚያ ሌላ ሸንጎ አልነበረንም።

ማን እንደሚናገር አጥብቀን እንጠብቅ ነበር። ስንዴው የማን እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም።

ይህን የምጽፈው መናገር ስለማይሆንልኝ ነው። ሰው ሲያየኝ ነጠላዬ ውስጥ እገባለሁ። አባቴ በሕይወት ሳለ የደብሩ ቄስ ከሆኑት ከየኔታ ዘንድ ልኮ ዳዊት አስደግሞኛል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደግሞ ቡሬ በተከፈተው ትምህርት ቤት ቁመቴን እያፈርኩበት ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ አራተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ከዚያ በላይ አልሄድኩም። ለዚህ ለማወራው ነገር ግን ይበቃል።

እህቴ የኔ ተቃራኒ ናት። ታላቄ ናት፣ ምላሷ ስል ነው፣ ሳቋ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። አባታችን በንዳድ በሞተ በዓመቱ ባሏ በደምበጫ መንገድ ሥራ ላይ ከአንድ ባንዳ ጋር ተጣልቶ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። እሷም ድክ ድክ የምትል ሴት ልጇን እየመራች፣ ጡት የሚጠባውን ወንድ ልጇን አዝላ ወደ እናታችን ቤት ተመለሰች። እናቴ ጉልበቷን ያማት ስለነበር ቤቱን የያዘችው እህቴ ሆነች። አንድ ደግ ጎረቤት ያርስልናል፤ አያ ነው የምንለው። አረሙም አጨዳውም የእህቴ ነው። እኔን ስታገኝ ትቀልድብኛለች።

«አንቺ፣ ድምፅሽን ለማን ልታወርሺው ነው እንዲህ የምትቆጥቢው?»

እኔ እስቃለሁ። ለእሷ ብቻ ነበር ጮክ ብዬ የምስቀው።

የእናቴ የአክስት ልጅ ቡሬ ከተማ ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤት ጠላ ጠማቂ ነበረች። እትዬ እላታለሁ። ሥራው ሲበዛባት እኔን ለረዳትነት ወሰደችኝ፤ ሳምንቱን እዚያ እውልና ቅዳሜ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ቤቱ ዱር የገባ የአንድ ባላባት ነበር። ጣሊያኖች ሰውየውን ቢያጡት ቤቱን ወረሱና የምክር ቤት ብለው ሰየሙት። በውስጡ የሚቀመጡት ግን ጣሊያኖች አልነበሩም። ዋናው ድሮ ዳኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ጋቢያቸው ሁልጊዜ ንጹሕ። ሌላው አስተርጓሚው ነው። ከነሱ ጋር የሚመጡና የሚሄዱ ሌሎችም ነበሩ። ጣሊያኑ ሹም አንዳንዴ ብቅ ይልና ቆሞ ያዳምጣል፣ አስተርጓሚው በጆሮው ይነግረዋል፣ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል።

ሥራቸው ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። መሣሪያ አይዙም፣ ሰው አያስሩም፣ ግብር አይሰበስቡም። አንድ ቀን እትዬን ጠየቅኋት።

«ያስባሉ» አለችኝ ጌሾውን እየወቀጠች።

«ምን ያስባሉ?»

«እኔ በምን አውቄ! ብቻ ሲያስቡ ይከፈላቸዋል። አንቺ ስንት ዘመን በነፃ ስታስቢ ኖርሽ፣ ሄደሽ ተቀጠሪ።»

ጠላውን የምናጠልልበት ክፍል እነሱ ከሚቀመጡበት አዳራሽ የሚለየው በመቃ ግርዶሽ ነበር። እኔን ማንም አያየኝም። ቢያዩኝም ሰው ነች ብለው አይቆጥሩኝም፤ ዝም የምል ልጅ ስለሆንኩ እንደ ማድጋ ነበርኩ። ስለዚህ ሁሉን ሰማሁ። በገበያ ዕለት ጨው ነጋዴዎችና ቆዳ ነጋዴዎች ይመጡና ሕዝቡ ምን እንዳለ፣ ማንን እንዳማ፣ በምን እንደሳቀ ይነግሯቸዋል። እነሱ ደግሞ በማግስቱ ተቀምጠው በሰሙት ላይ ይነጋገራሉ።

አንድ ቀን አስተርጓሚው ተበሳጭቶ ገባ።

«የመንገድ ሥራውን አዋጅ በየገበያው አስነበብነው» አለ። «ሰው ያዳምጣል፣ ጨውን ገዝቶ ይሄዳል። ማንም አይነጋገርበትም!»

«ለምን ይነጋገርበታል?» አሉ ዳኛው። «የእናንተ ቃል ነው እንጂ የሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ ነው የሚሉት?»

«እኔ ከዚሁ አገር ነኝ፣ ሰዉን አውቀዋለሁ። በገበያ የሰማውን እዚያው ገበያ ይተወዋል። በሰንበቴ የሰማውን ግን ከሚስቱ ጋር ያወራበታል፣ ከበሬው ኋላ ሆኖ ያስበዋል።»

ከዚያ የባለ ተራን ነገር አጫወቱት። ዳቦው ሲቆረስ ቃሉ እንዴት እንደሚነሣ፣ ያን ቃል መቁረጥ እንዴት ነውር እንደሆነ። አስተርጓሚው የከተማ ልጅ ነው፣ አያውቀውም። እየደጋገመ ያስነግራቸው ነበር።

«ዘንድሮ እህል የለም» አሉ ዳኛው። «ተራው ደርሶ የሚጨነቅ ድሀ በየደብሩ ሞልቷል። ስንዴና ገብስ ስጡት፣ ጌሾም ጨምሩለት። ቃሉን ግን አስቀድሞ ከእኛ ጋር ይመካከርበት፣ በቃ።»

«አዘዙን ቢሉስ?»

«ማን አዘዘ? እኛ እናስባለን እንጂ አናዝም።»

ሳቁ። እኔ ጠላውን እያጠለልኩ ነበር፣ ምንም አልመሰለኝም። ለድሀ እህል መስጠት ደግ ነገር መስሎኝ ነበር እንዲያውም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ወደ አገሬ ተመለስኩ፤ የእሑዱ ተራ የአያ ነበር። አያ እግሩ ሥር ያለውን መሬት እንጂ የሰው ፊት አይቶ የሚናገር ሰው አልነበረም። ተራው በደረሰ ቁጥር «እግዜር ያክብርልኝ» ብሎ ይቀመጣል። የዚያን ዕለት ግን ዳቦው ነጭ ነበር፣ ጠላውም የወፈረ፤ አያም ተነሥቶ ስለ መንገድ ሥራ ተናገረ። መንገዱ ለጣሊያን ነው እያልን ለምን እንሸሻለን አለ። ጣሊያን ቢሄድ መንገዱን በትከሻው ይዞ አይሄድም አለ። መንገዱ የእህላችን ነው፣ የበሽተኞቻችን ነው አለ። ሰዉ ተደነቀ። «አያ እንዲህ ያለ ነገር በሆድህ ይዘህ ነው ስታርስ የኖርከው?» ብለው ቀለዱበት፤ እሱም ፈገግ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ብዙ ሰው ሳይጎተት ለመንገድ ሥራ ወጣ።

ይህ «በትከሻው ይዞ አይሄድም» የሚለው ነገር ከመቃው ግርዶሽ ወዲያ ሲወለድ ሰምቼው ነበር። አስተርጓሚው «በጀርባው» ብሎት ነበር፤ «በትከሻው» ይሻላል ያሉት ዳኛው ናቸው።

ደነገጥኩ። ለማን እንደምነግር አላወቅኩም፣ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ከቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ብራና ይፍቁ ነበር። የሰማሁትን እንደምንም ነገርኳቸው።

«ቃሉ ክፉ ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም የኔታ።»

«ክፉ ካልሆነ ከየት መጣ ብሎ መጨነቅ ምንድን ነው? ሰው ከሰው ነው የሚማር። እኔስ ያስተማርኩሽን ከማን ሰማሁት?»

«እሱስ ልክ ነው የኔታ። ግን ሰዎቹ የተቀበሉት አያ ያለው መስሏቸው ነው።»

ብራናውን መፋቅ ቀጠሉ። አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን በዚያ በጋ ያሳደሰው የቡሬው ቤት እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

ነገሩ እየተለመደ ሄደ። ለተራው እህል ያጠረው ሁሉ ወደ ቡሬ ወረደ፣ አህያ ጭኖ ተመለሰ። ሰንበቴያችን እንዲህ አምሮበት አያውቅም። ክርክሩ ሞቀ፣ ሰዉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቀመጣል። የሚከራከሩት ግን ሁልጊዜ ሰው ባመጣላቸው ነገር ላይ ነበር። ጣሊያን የዘረፈው ከብት ነገር አይነሣም። የታሰሩት ሰዎች ነገር አይነሣም። አትናገሩ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ተራ የደረሰው ሰው ስላላነሣው ብቻ።

ከዚያ የእናቴ ተራ ደረሰ።

በጎተራችን ውስጥ የቀረው ለዘር ያስቀመጥነው ነበር። እትዬ ወሬውን ይዛ መጣች፤ የቡሬው ቤት እናቴን ሊረዳት ፈቃደኛ ነው፣ እህሉም ተሰፍሯል አለች። ለእናቴ እንዳትቀበል ነገርኳት። እግሯ ሥር ተቀምጬ ለመንኳት።

«ምን ይሉኛል?» አለችኝ። «ባሏ ሲሞት ጽዋዋን ጣለች ሊሉኝ? አባትሽ ተራውን አሳልፎ አያውቅም።»

«እማ፣ በነሱ እህል የነሱን ቃል ነው የሚያናግሩሽ።»

«እኔን? እኔ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ! አንደበቴ የራሴ ነው፣ በቁልፍ አይከፍቱት።»

እህቴ ከወፍጮው ቀና ሳትል ሳቀች። «ስንዴያቸውን እንብላና ቃላቸውን እንተፋላቸዋለን። ምን አስፈራሽ አንቺ?»

እህሉ መጣ። የፈጨችው እህቴ ናት። ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ እያዜመች፣ ዱቄቱ ክንዷን እስከ ክርኗ አልብሷት ነበር። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

በዚያው ሳምንት ከግርዶሹ ወዲህ ሆኜ ቀጣዩ ነገር ምን እንደሆነ ሰማሁ። ዱር የገቡት ሰዎች የሚበሉትንም ወሬውንም የሚያገኙት ከቤተሰቦቻቸው ነው፣ ቤተሰቦቹ ከየደብሩ ይውጡ ነው የተባለው።

«ይባረሩ ብለን እናስነሣው?» አለ አስተርጓሚው።

«ኧረ በስማም!» አሉ ዳኛው። «ማባረር የወታደር ሥራ ነው። እንዲያ ካልክ ሰዉ ያዝንላቸዋል። ‹ለጊዜው ዘወር ቢሉ› ይባል። ስለ ልጆቻችን ብለን፣ ለጊዜው ዘወር ቢሉ።»

አስተርጓሚው ቃሉን እንደ ጠላ ቀመሰው። «ለጊዜው ዘወር ቢሉ። ጥሩ ነው። አንዲት አሮጊት ተነሥታ፣» አለና ድምፁን እንደ ሴት አቀጠነ፣ «‹እነዚህስ ልጆች የማን ናቸው?› ብትልስ?»

ሳቅ ሆነ። ዳኛው ግን አልሳቁም፣ አሰቡ። «የነሱንም ልጆች ስለምንወድ ነው ይባላል። ጣሊያን ጎጆ ሊያቃጥል ሲመጣ እዚህ ባይገኙ አይሻላቸውም ወይ?»

ቅዳሜ ዕለት ከቡሬ እስከ ቤቴ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ለእናቴም ለእህቴም ነገርኳቸው። ዳቦው ተጋግሮ በኮባ ተሸፍኖ ነበር፣ ጠላውም በጋን ገብቷል። እናቴ ግን ልቧን አጠነከረች። «አልናገርም» አለች። «ሙሴው ሲጠይቀኝ ቃል የለኝም እላለሁ። ማን ያስገድደኛል?» እህቴም «በቃ፣ አለቀ» አለች።

ሦስታችንም አንድ ነገር ረሳን። በእኛ ደብር ሴት ባለ ተራ ስትሆን ራሷ ተነሥታ አትናገርም። አፍ የሚሆናት ወንድ ዘመድ አለ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ለእናቴ አፍ የሆናት ወንድሙ፣ አጎቴ ነበር። እሱም ባለፈው ተራዋ ተነሥቶ «ለነፍሱ ጸልዩለት ብላለች» ብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ እሱን አላሰብነውም። ዳኛው ግን አስበውት ነበር፤ ማሰብ ሥራቸው ነው።

እሑድ ዳኛው በእንግድነት መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዳቦ ሲሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ እስኪነሡ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

«ቃል ካላት» አለ ሙሴው።

አጎቴ ተነሣ። እናቴን አላያትም።

«የባለ ተራዋ ቃል ይህ ነው» አለ። «እኔ ስለ ደብሩ አስባለሁ ትላለች። ዱር የገቡ ሰዎች ቤተሰቦች ለጊዜው ዘወር ቢሉ ትላለች። በሰው ቤት አልጀምርም፣ ከራሴ ቤት እጀምራለሁ ትላለች። ስለ ልጆቻችን ብላ ነው።»

ከዚያ «ከራሷ ቤት ጀምራ!» የሚል ሹክሹክታ ከወንዶቹ ወደ ሴቶቹ ዞረ። ለካ ከስንት ድሀ ተራ መካከል የእናቴን ተራ የመረጡት ለዚህ ነበር። ሌላ ሰው ቢለው የሰው ክፋት ነው፤ የሽፍታ አማት ስትለው ግን ማን ይከራከራታል?

እናቴ ለመነሣት ጉልበቷን ያዘች። «እኔ አላልኩም» አለች። «እኔ አላልኩም፣ ጌቶቼ።»

«እሜቴ፣ ይቀመጡ» አለ ሙሴው፣ እንባ ባቀረረ ዓይኑ። «እናት ነዎት፣ ልብዎ መቃጠሉ አይቀርም። ቃልዎ ግን ደርሶናል። እግዜር ይስጥልን።»

ያለቀሱላት እውነታቸውን ነው። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ መካከል ዳቦዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጮኸች። «ስለ ልጆቻችን ትላላችሁ! እነዚህስ የማን ናቸው? ከሰማይ ወረዱ?»

አንዳንዶች ሳቁ። አያ ተነሣ። ያው የሚያርስልን አያ፣ የእህቴን ልጆች በትከሻው ተሸክሞ ከማሳ የሚመልስልን። «የነሱንም ልጆች ስለምንወድ እኮ ነው እናቴ» አለ። «ጣሊያን ጎጆ ሊያቃጥል ሲመጣ እዚህ ባይገኙ አይሻላቸውም?» ሲናገር አፉን አይቼ የራሱ ቃል እንደመሰለው አወቅኩ።

እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። ቆምኩ። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ይዤው ነበር።

«ቃሉ የእናቴ አይደለም» አልኩ። «የቡሬ ነው። እዚያ ሲሉት ሰምቻለሁ።»

«ምን አለች?» አለ ሙሴው እጁን ወደ ጆሮው አድርጎ።

«የቡሬ ነው አለች» አለ አንዱ።

አጎቴ ወደኔ ዞረ። «አንቺ የማንን ጠላ ነው ስትጠምቂ የምትከርሚው? እዚያ ቤት እንጀራ የምትበላ አንቺ አይደለሽም እንዴ? እኛን ነው የቡሬ የምትይን?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እውነቱን ነው፣ የምጠምቀው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቃሉ ከየት እንደመጣ የምታውቀው አንዲት ሰው፣ ስለምታውቀው የማትታመነው እሷ ሆነች። ተቀመጥኩ።

ሲስቁ እህቴ አልሳቀችም። ልጇን ከጡቷ አላቀቀችና ተነሣች። አፍ የሚሆናት ወንድ አልጠበቀችም።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለች። «ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?»

ዳኛው ዳቦአቸውን ያዩ ነበር። ለአሮጊቷ ጥያቄ መልስ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። ሰዎቹ ደግሞ የራሳቸውን መልስ መፈለግ ትተው ከርመዋል።

እህቴ በእጇ የነበረውን ዳቦ መሶቡ ላይ መልሳ አስቀመጠችና ወጣች።

በማግስቱ ጧት ስትሄድ ደብሩ በሙሉ ሸኛት። ጨካኝ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ቆሎ አመጡላት፣ ጭብጦ አመጡላት፣ ሙሴው የገዛ ልጁን ጋቢ አለበሳት። አያ ስልቻዋን ተሸክሞ እስከ ወንዙ ሸኛት። «ለጊዜው ነው እህቴ፣ አይዞሽ» ይሏታል፣ እያለቀሱ። እናቴ በሩ ላይ ተደፍታ አላየቻትም። እኔ እስከ ወንዙ ማዶ ሄድኩ። እህቴ እንደ ወትሮዋ ልትቀልድብኝ ሞከረች፣ «ትናንትስ ድምፅሽን አባከንሽው» አለችኝ፤ ከዚያ ልጇን አስተካክላ አዘለች። የባሏ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ አቀናች። እዚያ ደጋ ነው። ትንሹ ልጅ ክረምቱን አላለፈውም፤ ብርድ ገደለው። የነገሩን ከጸበል የተመለሱ መንገደኞች ናቸው።

ወደ ቡሬው ቤት አልተመለስኩም። ተራውን የሚያወጣ ሁሉ ግን እየተመላለሰ እህሉን ጫነ። የሌሎች ደብሮች ቤተሰቦችም ዘወር እያሉ ሄዱ።

እናቴ ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አወጣች። ተራዋ በደረሰ ቁጥር፣ ለሌለ አባል የሚቀመጠውን ድርሻ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ወደ ግሽ ዓባይ በሚሄዱ ተሳላሚዎች እጅ ለእህቴ ትልካለች። ዳቦው ደርቆ፣ ሳይቆረስ፣ በዚያው ቋጠሮ ይመለስ ነበር። እናቴ ትፈታዋለች፣ ታየዋለች፣ ለወፍ ትበትነዋለች።

ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲወጣ የእህቴ ባል ከዱር ተመለሰ። ወደ ሰከላ ሄዶ ሚስቱንና ሴት ልጁን አገኘ። እኛ ይመጣሉ ብለን ቤቱን ለቀለቅን። አልመጡም። እዚያው ቀሩ።

ዳኛው ግን ሩቅ አልሄዱም። ያኔ ወጀት ይባል የነበረው ከተማ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ሆኗል፤ እዚያ ሌላ ቤት ተሰጥቷቸው ለአዲሱ ሹም ያማክራሉ። ጋቢያቸው እንደ ወትሮው ንጹሕ ነው። በጣሊያን ጊዜ ማን ምን አደረገ የሚል ክስ በየደብሩ ሊነሣ ሲል፣ አንድ እሑድ የዕለቱ ባለ ተራ ተነሥቶ «ያለፈውን ለጊዜው ዘወር እናድርገው» አለ። «ስለ ልጆቻችን ብለን።» ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እንዴት ያለ ማስተዋል ነው አሉ። ያን ቃል አንድ ጊዜ ከዚህ በፊት በዚህ ቤት ሰምተነው ነበር የሚል ሰው አልተገኘም። እኔ ስንዴውን አየሁት፤ ነጭ ነበር።

ባለፈው ጾም ሳይገባ የእናቴ ተራ ደረሰ። ገብሱም ስንዴውም በዚህኛው ጊዜ የገዛ ማሳችን ነበር፤ ዳቦው ጠቆር ያለና ትንሽ። አጎቴ እንደ ልማዱ ሊነሣ ሲል እናቴ ዱላዋን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገች።

«አንተ ተቀመጥ» አለችው። «አፌ ልጄ ናት።»

ሴት ለሴት አፍ ሆና አታውቅም። ሙሴው ወደ የኔታ አየ፣ የኔታ ወደ ዳቦው አዩ። ተነሣሁ። ድምፄ ያው ቀጭን ነው፤ ግን የዚያን ዕለት ዳቦው የኛ ነበርና ሊቆርጡኝ አልቻሉም።

«እናቴ የምትለው» አልኩ፣ «‹ልጄ ከዚህ ቤት አንድ ነገር ጠይቃ ሄዳለች፣ መልሱን እጠብቃለሁ› ነው። ለጊዜው ያላችሁት እስከ መቼ ነበር?»

ሁሉም ሰሙኝ። ማንም «ምን አለች» አላለም። ዳቦ የሚያኝኩ ሰዎች ማኘካቸውን አቆሙ። አያ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። በመጨረሻ ሙሴው ጉሮሮውን ጠረገና በደግ ድምፅ «እሜቴ፣ ከባድ ነገር ነው ያነሡብን» አለ። «ለጊዜው ይቆየን።»

ከዚያ ስለ ወንዙ መሻገሪያ ተነጋገሩ።

እናቴ የእህቴን ድርሻ እንደ ልማዷ ቋጥራ ላከች። ተሳላሚዎቹ ሲመለሱ በእጃቸው ቋጠሮ አልነበረም። እናቴ ጉልበቷን እንደያዘች እስከ መንገዱ ወጣችና እህቴ ምን እንዳለች ጠየቀቻቸው።

«ምንም መልእክት አልላከችም» አሏት። «ዳቦውን ተቀብላ ቆመች። ‹ስንዴው የማን ነው?› ብላ ጠየቀችን። የእናትሽ ማሳ ነው አልናት። ያን ጊዜ ቆርሳ ለልጇ ሰጠች፣ እሷም በላች።»

«ትመጣለች?»

«እሱን አልነገረችንም እሜቴ።»